የእማማ ብርቄ ቤትና አልገጥም ያለው ኩርባ

በአንድ ወቅት፣ መሬት በገመድ መለካቱ ቀርቶ በኮምፒውተር መለካት በተጀመረ ሰሞን፣ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ እማማ ብርቄ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ከደጁ የተተከለ ጥቂት ጌሾና ማንም የማይደፍረው ምላስ ነው። ቤቱን ከባላቸው ጋር ሆነው ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው፣ ግድግዳውን በእጃቸው መርገው ሠርተውታል። ባላቸውም በዚያው ቤት፣ በዚያው አልጋ ላይ አረፉ። እማማ ብርቄም የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ቀናቸው ሲደርስ ከዚያው በር እንዲሸኙ።

አንድ ማለዳ በር ከፍተው ሲወጡ በግድግዳቸው ላይ ቀይ ቀለም አዩ። ትልቅ የኤክስ ምልክት! ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ እየተንጠባጠበ ደጃፉ ድረስ ወርዷል። እማማ ብርቄ ክው ብለው ቀሩ። በዚያች ከተማ ቀይ ኤክስ ምን ማለት እንደሆነ አፉን ያልፈታ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ይፈርሳል ማለት ነው።

ጫማቸውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቁ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሮጡ። እዚያም የተነገራቸው ይህ ነው፦ በእሳቸውና በጎረቤታቸው በአቶ ዘርጋው መካከል ያለው ድንበር ቀጥ ያለ አይደለም። ድሮ ጅረት የሚወርድበት ኩርባ ነበር። በአዲሱ ካርታ ኩርባው ወደ እማማ ብርቄ በኩል ገብቶ መኝታ ቤታቸውን አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ ቤታቸው በሰው መሬት ላይ የቆመ ነውና ማክሰኞ ዶዘር ይመጣል። ጅረቱ ከደረቀ፣ ቦዩም በአፈር ከተሞላ እኮ ዘመን ሆኖታል! ሁለቱ ጎረቤቶች ቀጥ ያለ የቆርቆሮ አጥር በመሃላቸው አቁመው፣ ቅራሪና ጎመን እየተቀባበሉ ነው የኖሩት።

እማማ ብርቄ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እሁድ ዕለት የዕድሩ ሰው ወደተሰበሰበበት ሄዱ። ከመሃል ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ቤቴን ያተረፈልኝ አንድ ሰው፣ ዘመድ ይሁን ባዳ፣ ቤቴን ይውረሰኝ። ቃሌን ባጥፍ የባሌ አጥንት ይውጋኝ።»

አንድ ሰው ማለታቸውን ልብ በሉልኝ። ኋላ ጣጣውን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው። ግን የደነገጠ ሰው ቃሉን መች ይመዝናል?

እንግዲህ እሳቸው ሲያለቅሱ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር። ይህን እማማ ብርቄ የሰሙት ኋላ ነው፤ ሲሰሙም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቀሩ። ምንተስኖት የሚባል ቀያሽ አለ። ካርታው የሚጸድቀው በእሱ ፊርማ ነው። የመሬት ዙሪያ በትክክል ከተለካ፣ ከአንድ ችካል ተነስታችሁ ዞራችሁ ዞራችሁ እዚያው ችካል ላይ መግባት አለባችሁ፤ ይህ ሲሆን ገጠመ ይባላል። የእማማ ብርቄ መሬት ግን አልገጥም አለ። ቀጥ ያሉት ጎኖች ደህና ናቸው። ኩርባው ላይ ሲደርስ መስመሩ ያመልጥና፣ በመነሻውና በመድረሻው መካከል በሬ ከነቀንበሩ የሚያሳልፍ ክፍተት ይቀራል። ኃላፊው ከየጎኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርክ ዝጋው አለው። ስሕተቱ የጣት ያህል ሲሆን እንዲህ ማድረግ ያለ ነው፤ ቀያሽ ሁሉ ያደርገዋል። ይሄ ግን የጣት አይደለም።

«ያልገጠመውን ገጠመ ብዬ አልፈርምም» አለ ምንተስኖት።

ስሕተቱ የት እንዳለ አያውቅም። እማማ ብርቄ እውነት ይኑራቸው አይኑራቸውም አያውቅም። የሚያውቀው አለመግጠሙን ብቻ ነው። የልጆች አባት ነው፤ የሚኖረውም በኪራይ ቤት ነው። በዚያው ዕለት የቢሮውን መታወቂያ አስረክብ ተብሎ ወጣ።

ኃላፊው ሥራውን ከምንተስኖት ጠረጴዛ አንስቶ ወደ ስንዱ ጠረጴዛ አዛወረው። ስንዱ ማን ናት ብትሉ የአቶ ዘርጋው ልጅ ናት፤ ጎረቤቲቱ! በኮምፒውተሩ ፕሮግራም ከሷ የሚበልጥ በቢሮው የለም። ለጥቅምት ልትዳር ሽር ጉድ እየተባለ ነው፤ አባቷም ከቆርቆሮው አጥር ጥግ ለመኖሪያዋ የሚሆን የድንጋይ መሠረት አስጥለውላታል። ኃላፊው ጠጋ ብሎ፣ ዝጊው፣ ለአባትሽ የሚተርፍ መሬት ነው ብሎ ፈገግ አለላት። ከዚያም ፊርማው ኋላ ይደርሳል ብሎ፣ ለማክሰኞ ዶዘሩን አዘዘ።

ማክሰኞ ነጋ። እማማ ብርቄ በነጠላቸው ወገባቸውን ታጥቀው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ፖሊሶች አይዞዎት እማማ እያሉ፣ ግራና ቀኝ ደግፈው አንስተው ከመንገድ ዳር አኖሯቸው። ዶዘሩ እያጓራ ገባ። ጌሾውን ደፈጠጠው። አካፋውን አንስቶ ከግድግዳው ፊት ደረሰ። እማማ ብርቄ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጆሯቸው ግን አልተጨፈነምና የግድግዳውን መናድ ጠበቁ። ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ የሚሰማ ነገር ጠፋ። ሞተሩም ጠፋ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ነጂው ከዶዘሩ ወርዷል። ደረሰኝ ይባላል፤ ከሌላ አገር ለሥራ የመጣ፣ በከተማው አንድ ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ማንንም ሳያይ፣ ማንንም ሳያናግር ወደ ድልድዩ ሄደና የዶዘሩን ቁልፍ ወንዙ ውስጥ ወረወረው። ፖሊሶቹም እሱን መያዙን ለትንሽ ጊዜ ረሱት። ኃላፊው ምን ነካህ አንተ ሰው ብሎ ሲያፋጥጠው፣

«እንጃ። እጄ እምቢ አለኝ» አለ።

ካርታውን አላየ፣ ኩርባውን አያውቅ። ቤቱ በእርግጥ በሰው መሬት ላይ ቢሆን ኖሮም ያንኑ ያደርግ ነበር፤ እሱም አይክደውም። ወደ ጣቢያ ወሰዱት። ሌላ ቁልፍ ከዋናው ከተማ እስኪመጣ ማፍረሱ ለማግስቱ ተባለ።

ከሰዓት በኋላ እማማ ብርቄ የተደፈጠጠውን ጌሾ እያነሱ ሲያለቅሱ፣ ስንዱ ላፕቶፕ ታቅፋ ከአጥሩ ወዲያ ስትመላለስ አዩዋት። ከታችኛው ችካል ተነስታ፣ ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ፣ በደረቀው ጅረት ፈለግ ሽቅብ ትወጣለች። ደሞ ከላይኛው ችካል ተነስታ ቁልቁል ትወርዳለች። ደማቸው ፈላ።

«ሬሳው ሳይወጣ ልትለኪ መጣሽ?» አሏት።

ስንዱ መመላለሷን ቀጠለች። የካርታው ሥራ ከተሰጣት ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ርዝመቱን እንደገና ጻፈች፤ ክፍተቱ አለ። ማዕዘኑን አስተካከለች፤ ክፍተቱ አለ። የኩርባውን ስፋት ለወጠች፤ ክፍተቱ ባሰበት። ዝም ብላ በግድ ብትዘጋው እኮ የሚከሳት አልነበረም፤ አባቷም ይመርቋት ነበር። እሷ ግን እግሯ እስኪቃጠል ትወጣለች፣ ትወርዳለች። በመጨረሻ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመችና ሁለት እጆቿን አየቻቸው፤ አንዴ ቀኟን፣ አንዴ ግራዋን።

ነገሩ ይህ ነው። የድሮዎቹ ቀያሾች ከላይኛው ችካል ጀምረው፣ ጅረቱን ተከትለው እየወረዱ ለኩ። ሲወርዱ ኩርባው ወደ ግራ ይዞራልና ግራ ብለው ጻፉ። አሁን ካርታው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ደግሞ ችካሎቹ ከታች ወደ ላይ ተጻፉ፤ ግራው ግን ግራ እንደሆነ ቀረ። ስትወርድ ግራ የሆነ ኩርባ ስትወጣ ቀኝ ነው። በቃ ይኸው ነው! አንዲት ሴት ከነአልጋዋ ሜዳ ላይ ልትወድቅ የነበረው በዚህች ነው።

ስንዱ ከገዛ ራሷ ቤት የመሠረት ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። እማማ ብርቄ ሊሳደቡ አጥሩን ዞረው መጡ። ሲደርሱ ልጅቱ አንዲት ቃል ብቻ ስትለውጥ አዩ፤ ግራ የሚለውን ቀኝ አደረገችው። መኝታ ቤታቸውን አቋርጦ የነበረው መስመር ብድግ ብሎ ወጣ። የቆርቆሮውን አጥር ተሻገረ፣ በአቶ ዘርጋው ግቢ ውስጥ ደጋን ሠርቶ ተኛ፣ ጫፉም ከመነሻው ችካል ላይ ልክክ አለ። ክፍተቱ ድራሹ ጠፋ።

እማማ ብርቄ ፊደል ባይቆጥሩም የራሳቸውን ቤት መለየት አያቅታቸውም። ስክሪኑን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ልጅቱን አዩ።

«ልጄ፣ አሁን ወዲህ የገባው የተቀመጥሽበት መሬት አይደለም ወይ?»

«ነው፣ እማማ።»

«ያንቺ ቤት?»

«ነበረ።»

እማማ ብርቄ ከጎኗ ቁጭ አሉ። ቀዩን ኤክስ ሲያዩ እንኳ እንዲህ አልደነገጡም።

ስንዱ ካርታውን አትማ፣ ፈርማ፣ ለኃላፊው ከአለቆቹ ፊት አቀረበችለት። ዶዘሩ ቁልፉ ሲመጣ ዞሮ ወጣ፤ ቀዩ ኤክስም በኖራ ተሸፈነ። አቶ ዘርጋው ግን በሩን በልጃቸው ላይ ዘጉ። «የወለድኳት ልጅ ድንበር ገፋችብኝ» አሉ፤ ድግሱም ቀረ። ምንተስኖት ኪራይ መክፈል አቅቶት ከቤቱ ወጣ፤ ወደ ሥራው የመለሰውም የለም፤ እሱን መመለስ ለኃላፊው ጥፋቱን ማመን ነውና። ደረሰኝ ከእስር ቢፈታም መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ሥራውም ማደሪያውም ቀረበት።

ታዲያ ሦስቱም ማደሪያ ያጡ ሰዎች ናቸውና፣ ሦስቱም የእማማ ብርቄን ቃል ሰምተዋልና፣ በሚቀጥለው የዕድር ቀን ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። ማንም ማንንም አልሰደበም። ምንተስኖት ቀደመ።

«እኔ ዘግቼው ብፈርም ኖሮ ካርታው ይጸድቅ ነበር። ስሕተት መኖሩንም ማንም አይፈልግም ነበር» አለ።

«አለመፈረም ቤት አላተረፈም፤ ዶዘሩ ያለ ፊርማም መጥቷል» አለች ስንዱ። «ስሕተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የከፈልኩበትም በራሴ ቤት ነው።»

ደረሰኝ ኮፍያውን በእጁ እያሸ፣ «እህቴ፣ ግራና ቀኙን ስታገኚ ቤቱ ቆሞ የጠበቀሽ በማን ነው?» አላት።

ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። አንዱ፣ መነሻው ምንተስኖት ነው፤ ያለ መነሻ መድረሻ የለም አለ። ሌላው፣ ሰውዬው ለገዛ ስሙ ፈራ እንጂ ለብርቄ መች አሰበ አለው። ደረሰኝ ያደረገውን ሳያውቅ ነው ያደረገው የሚል ተነሳ። ሳያውቅ ያዘነ አይበልጥም ወይ የሚልም ተነሳ። ስንዱ ከአባቷ ቆርሳ ለባዳ ሰጠች ብለው ያደነቋት አሉ፤ ያባቷን የሰጠች ያንቺንም ትሰጣለች ብለው እማማ ብርቄን የመከሩ ክፉዎችም አልጠፉ። አንድ ብልጥ ነኝ ባይ ደግሞ፣ በኩርባው ወዲህ የገባውን ቁራጭ መሬት ለስንዱ፣ ቤቱን ለሁለቱ አለ። ቁራጩ መሬት ግን አቶ ዘርጋው ይግባኝ ብለውበት ታግዷል፤ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ቤቱም የማልኩት ለአንድ ሰው ነው ያሉት ራሳቸው እማማ ብርቄ ናቸው።

እማማ ብርቄ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ሲመሽ የቤታቸውን ቁልፍ ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ይቋጥሩታል፣ ሲነጋ ይፈቱታል። ከመጀመሪያው ተነስተው ሲቆጥሩ ቤታቸውን ያተረፈው ምንተስኖት ይሆንባቸዋል። ከመጨረሻው ተነስተው ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ስንዱ ትሆንባቸዋለች። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያ ሞተር ዝም ያለበትን ሰዓት ሲያስቡ ደግሞ ከደረሰኝ በቀር ሰው አይታያቸውም። ያ ድንጋጤ ከሰውነታቸው አልወጣም፤ ጉልበታቸውም እየከዳቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ለእሁድ ቀጥረዋቸዋል፤ የባላቸው አጥንትም ይጠብቃል።

ተረቱን የጨረሰን አፉን በዳቦ ማበስ የአድማጭ ዕዳ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የእኔ ዳቦ ይቆይ። እናንተ በእማማ ብርቄ ቦታ ብትሆኑ፣ ካንዱ ጫፍ መጀመራችሁ አይቀርምና፣ ከየትኛው ጫፍ ጀምራችሁ ትቆጥራላችሁ? ቁልፉንስ ከነጠላችሁ ጫፍ ፈታችሁ ለማን ትሰጣላችሁ?