ፕሮፌሰር እንዳላማውና የፊታውራሪው ግጥም

በፕሮፌሰር እንዳላማው ዘመን የኖረ ሁሉ፣ እሳቸው ሲናገሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር ይላል። ሁሉም እውነቱን ከሆነ ያስተማሩበት ኮሌጅ አዳራሽ በሰው ብዛት ፈርሷል ማለት ነው። እኔ አልነበርኩም። የማወራችሁ አባቴ ሆዱን ይዞ እየሳቀ የነገረኝን ነው።

ሰውየው ጎጃም ቅኔ ቤት ያደጉ ገጣሚ ነበሩ። አዲስ አበባ መጥተው በኮሌጁ ሥነ ጽሑፍ ለማስተማር ሲያመለክቱ፣ ገና ከፓሪስ የተመለሰው ዲን ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸውና፣ «ለመሆኑ ውጭ አገር ሳይማሩ እኛ መሀል ቆመው ለማስተማር አይፈሩም?» አላቸው።

«ስመጣማ ፈርቼ ነበር፤ እርስዎን ሳይ ለቀቀኝ።»

ዲኑ ነገሩ የገባው የቅጥሩን ወረቀት ከፈረመ በኋላ ነው አሉ።

ፈተና ባረሙ ቁጥር ቢሯቸው በቅሬታ ይጨናነቅ ነበር። አንዱ ተማሪ ወረቀቱን እያውለበለበ ገባና፣ «ጋሼ፣ ይህ ውጤት ፈጽሞ አይገባኝም!» አለ። ቀና ብለውም አላዩት።

«ትምህርቱስ መቼ ገባህ!»

ፕሮፌሰር ከተባሉ በኋላ «ወለላ» የምትባል የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አቋቋሙ። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ገጣሚ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሲሄዱ እንኳ ከአጥሩ ሥር ግጥም ይዞ የሚጠብቃቸው አይጠፋም። አንድ የጉምሩክ ሹም፣ «ይህን የጻፍኩት ዓይኔ እስኪቀላ እያለቀስኩ ነው» ብሎ ግጥሙን ሰጣቸው። በሳምንቱ መልስ ሊሰማ መጣ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ሳነበው አልቅሻለሁ።»

መልስ ያጡት በቤታቸው ብቻ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ ምሳ አቅርበው ቢጠሯቸው፣ ቢጠሯቸው እምቢ አሉ። አንድ ስንኝ ይዟቸዋል። በመጨረሻ ተቆጡና፣ «ተይኝ እስቲ! ይህ ግጥም እኔ ባልፍ እንኳ ስሜን የሚያስጠራ ነው» አሉ። ወይዘሮ ዘርፌም ከጓዳ፦

«ስምህን ሌላው ይጥራልህ፤ እኔ የጠራሁህ ለምሳ ነው።»

ብዕራቸውን ጥለው፣ እየሳቁ ሄደው በሉ።

እንግዲህ «ወለላ» የምትታተመው በፊታውራሪ ወንድይራድ ማተሚያ ቤት ነበር። ፊታውራሪ መሬት አላቸው፣ ቤት አላቸው፣ ማተሚያ መኪና አላቸው፤ የቀራቸው ገጣሚ መባል ብቻ ነው። አንድ ቀን ራሳቸውን ከዳር እስከ ዳር ያወደሱበትን ረጅም ግጥም ይዘው መጡ። «በሚቀጥለው ወር ይውጣ። ካልወጣ መኪናዬ ለመጽሔትህ አይዞርም» አሉ። ፕሮፌሰሩ አነበቡት። ፊታውራሪ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ «ምን ይጎድለዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ምንም አልጎደለውም ጌታዬ፤ የተረፈው ነው የበዛው።»

«እንግዲያው ቀንስልኛ!»

«እሺ፤ ከሁለቱም ጫፍ መቁረጥ እጀምርና መሀል ላይ ሲገናኝ አቆማለሁ።»

ፊታውራሪ የሙያ ቋንቋ መሰላቸው። «እንዳልክ አድርግ» ብለው ደስ ብሏቸው ወጡ።

መጽሔቷ ከማተሚያ ቤታቸው እንደወጣች፣ ገልጠው እንኳ ሳያዩ፣ ወዳጅ ዘመድ ግብር ጠሩ። ተበልቶ ጠጁ ሲዞር ጸሐፊያቸውን «በል አንብብ!» አሉት። ጸሐፊው ለፊታውራሪ የተተወውን ገጽ ቢገልጥ፣ በረጅሙ ግጥም ቦታ የፕሮፌሰሩን ሁለት ስንኝ ብቻ አገኘና ዓይኑ ተቁለጨለጨ። «ጮክ በል እንጂ!» ብለው ጮኹበት። ጮክ አለ፦

ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣
ሰፈሩን ያውካል የሠርጉ ከበሮ።

እንግዳው ሁሉ የፊታውራሪ ግጥም መስሎት በጭብጨባ ቤቱን አናጋው። አንዲት አክስታቸው እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ወንድይራዴ፣ ራስህን እንዲህ አድርገህ መሳልህ!» አሉ።

ፊታውራሪ በማግስቱ ከሰሱ። መጽሔቷ እንድትዘጋ፣ ፕሮፌሰሩም ከኮሌጁ እንዲባረሩ ነው የጠየቁት። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ የመንግሥት ሰው ዘመዳቸው ነው። ወይዘሮ ዘርፌ ስንቅ ቋጥረው ነው ችሎት የመጡት፣ ባሌ ከዚሁ ወደ እስር ቤት ይሄዳል ብለው። ፊታውራሪ ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ «እኔን ነው! ከበሮ ያለው እኔን ነው!» እያሉ ግቢውን አደበላለቁት። ዳኛው በብዙ መከራ ዝም አሰኟቸውና ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ አታድበስብስ። ከበሮ ያልከው ፊታውራሪን ነው ወይስ አይደለም?»

ነው ቢሉ ወኅኒ ነው። አይደለም ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ዳኛው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ሂድ፣ ተሰናብተሃል» ያሏቸው፣ መጽሔቷም በሌላ ማተሚያ ቤት ወር ሳትዘል የወጣችው፣ ፕሮፌሰሩ እጅ ነስተው በሰጡት በዚህ መልስ ነው፦

«ጌታዬ፣ እኔ ስለ ከበሮ ጻፍኩ እንጂ ማንንም አልነካሁም፤ ይኸኛው ግን ሳልመታው ጮኸ።»