የባልቴቷ ይቅርታ

አንዲት ባልቴት ነበረች። ያላት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱንም የጎረቤቷ ልጅ በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልቶት በዱላ መትቶ ገደለው።

ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌዎች ለእርቅ መጡ። እንደ አገሩ ወግ በጫንቃቸው ድንጋይ ተሸክመው ደጇ ላይ ተንበረከኩ፤ ይቅር ካላለች አይነሡም። ልጇን ያጠመቁት የነፍስ አባቷም ከመካከላቸው ነበሩ። ፀሐዩ በረታ፤ የሽማግሌዎቹ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከአጥሩ ውጭ የቆመው ሰው ምን ያለችው ጨካኝ ናት ይባባላል። ሴትዮዋ ላባቸው ሲንጠባጠብ ማየት አቃታትና «ይቅር ብያለሁ፤ ተነሡ» አለች። መረቋት። በገዛ ፈቃዷ ይቅር አለች ተብሎም በአገሩ ተወራላት።

እሷ ግን ከዚያ ወዲህ የገዳዩን እናት ምንጭ ላይ ካየቻት እንስራዋን ባዶውን ይዛ ትመለሳለች። ቃሏን ያጠፈች እየመሰላትም ራሷን ትረግማለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህን ሲያዩ ብቻቸውን መጡ። ድንጋይ አልያዙም፤ አልተንበረከኩምም።

«ልጄ፣ ያን ቀን ጨክነንብሻል። ቃልሽን መልሼልሻለሁ። እርቁን እምቢ ብትዪም ማሳሽን አርስልሻለሁ፤ ክፉ የሚናገርሽ ቢኖር ጠቡ ከኔ ጋር ነው።»

ባልቴቷም «እንግዲያው ይቅር አላልኩም፣ አባቴ» አለች።

«እሺ» አሉ። እርቁ እንደሌለ ለሰፈሩ ራሳቸው ነገሩ፤ በማግስቱም በሬዎቻቸውን ነድተው መጥተው አረሱላት።

አዝመራው ከገባ በኋላ አንድ ቀን ባልቴቷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ገዳዩ እናት ቤት ሄደች። የላካት የለም፤ የተከተላትም የለም። እዚያ የተባለውን ሁለቱ ሴቶች ብቻ ያውቁታል፤ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ግን መንገደኛ ሰምቷል።

ይህን የነገርኩሽ፣ ልጄ፣ «በገዛ ፈቃድ» ማለት ምን እንደሆነ ስለጠየቅሽኝ ነው። «ለዚህ ጋብቻ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ፣ ማንም አልመታኝም» አልሽ። ባልቴቷንም የመታት አልነበረም። አንቺ እሺ ስትዪ አባትሽ ፊትሽ ቆሞ ያለቅስ ነበር፤ እናትሽ እግርሽን ይዛ ነበር፤ ጠላውም ተጠንስሶ ነበር። እምቢ ብትዪ ኖሮ ከነዚህ ሁሉ «እሺ» የሚልሽ ማን ነበር? እንዲህ ያለ አንድ ሰው ሳታገኚ በገዛ ፈቃዴ ነው አትበዪ። ሌላ ካጣሽ እኔ አለሁ፤ ለእኔ እምቢ በዪኝ።