ሌላ ሰው ይጠቆም

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቹ ከመካከላችሁ አይጠፉም። በአንድ የግብርና ምርምር ተቋም ውስጥ የሽምብራ ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ሲያጠና ጸጉሩ ሸብቷል። አንድ ዓመት፣ ተቋሙ ለታላቅ የሳይንስ ሽልማት አንድ ዕጩ እንዲያቀርብ ተጠየቀና ስብሰባ ተጠራ። ሰውየው ምን አደረገ? አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ለሽምብራው ብሎ እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ሽልማቱን ይፈልገዋል? እንዴት አይፈልገው! እንቅልፍ አጥቶለታል። ባለቤቱማ ዋንጫው የሚቀመጥበትን ቦታ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አጽድታ ጨርሳለች።

አርፍዶ የተጠራው ስብሰባ ገና እንደተጀመረ አንዱ እጁን አወጣና፣ «እኔ ዶክተርን እጠቁማለሁ፤ ሽምብራችንን ያተረፈ ሰው ነው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። የኛ ሰው ልቡ ዘለለ። ግን ወጋችንን ታውቁት የለ? ወዲያው እሺ ማለት ነውር ነው። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ አንገቱን ደፋ፤ «እኔ ምን ሠራሁና? ከኔ የሚሻሉ ሞልተዋል። እባካችሁ ሌላ ሰው ይጠቆም» አለ።

አለና ጠበቀ። ምን ጠበቀ? «ኧረ በሞቴ!» እስኪሉት ነዋ! አንዴ ይሉኛል፣ እምቢ እላለሁ፤ ይደግሙኛል፣ ትንሽ አቅማማለሁ፤ በሦስተኛው እያዘንኩ እቀበላለሁ ብሎ አስቦታል።

ሰብሳቢው ግን የምሳ ሰዓት የደረሰበት ሰው ነበር። «ሐሳባቸውን እናክብርላቸው» አለ። «ታዲያ እርስዎ ማንን ይጠቁማሉ፣ ዶክተር?»

ጉድ ፈላ! ማንም የማይመርጠው ሰው ብጠቁም ተመልሰው ወደ እኔ ይመጣሉ ብሎ አሰበ። ጥጉ ላይ የእህል ነቀዝ የምታጠናው ዝምተኛዋ ዶክተር ስንዱ ተቀምጣለች። «ዶክተር ስንዱን» አለ።

ዶክተር ስንዱ ተነሣች። «እውነት ነው፣ ብዙ ደክሜበታለሁ። ደስ ይለኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ተቀመጠች። በቃ! በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ሁሉም ወደ ምሳው ሄደ።

ሲወጡ ሰውየውን ከበቡት። «አቤት ትሕትና!» እያሉ ጨበጡት። ቤት ገብቶ ዶክተር ስንዱ መመረጧን ሲነግራት ባለቤቱ እንደማልቀስ እያላት፣ «ማነው ደግሞ እሷን የጠቆመ?» አለችው።

«እኔ» አለ።

አትሳቁ፣ ወገኖቼ! «ዘምሩልን» ስትባሉ «ድምፄ ተዘግቷል» ብላችሁ፣ ሁለተኛ ካልተለመናችሁ የምታኮርፉት እናንተ አይደላችሁም? «ወደ ፊት እለፉ» ሲሏችሁ በሩ ሥር ተለጥፋችሁ፣ ዝም ሲሏችሁ «ናቁኝ» የምትሉትስ? ዶክተር ስንዱ ትዕቢተኛ ነበረች? የሠራችውን ሠራሁ አለች፤ የተሰጣትን ተቀበለች። ይህ ትዕቢት ከሆነ ለሁላችንም ያድለን!

ጸሎታችሁስ? ጠዋት ጠዋት «ጌታ ሆይ፣ እኔ ከንቱ ነኝ፣ የማልረባ ነኝ» ትላላችሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እሱ «አዎ፣ ልክ ናችሁ» ቢላችሁ ትቀየማላችሁ? ካልተቀየማችሁ ጸልያችኋል። ከተቀየማችሁ ግን እሱን ስትለምኑት አልነበረም፤ እንዲለምናችሁ ስትጠብቁ ነበር።