በቀይ የታረመው የፈቃድ ማመልከቻ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «እግዜር የተንተባተበ ጸሎትም ይሰማል» ማለት ያዘወትር ነበር። አቶ ሸዋንግዛውን ግን አያውቃቸውም።

አቶ ሸዋንግዛው እኔ በጥበቃ የምሠራበት ድርጅት ኃላፊ ናቸው። ፈቃድ የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው ብለው አዘዋል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ፈቃድ በጠየቅኩበት ዕለት ደግሞ ሴት ልጄ በነጋታው ሰማንያ ቀን ስለሚሞላት ክርስትና ልትነሣ ነው። ቀኑ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ አይገፋም።

ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ መለሱብኝ። አንዱን ስህተት አስተካክዬ ስገለብጥ ሌላ እጨምራለሁ። በሦስተኛው በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አርመው ወረወሩልኝ።

«ያለፈውን ከሚመጣው ጊዜ ደባልቀኸዋል። ልጅቷ ነገ የምትጠመቀው አምና ነው? በንጹሕ ወረቀት ገልብጠህ ሰኞ አምጣ።»

«ጌታዬ፣ ክርስትናው እኮ ነገ ነው።»

«እንግዲህ እንግሊዝኛ ሳትማር አትውለድ።»

ይህን ጊዜ የቢሮውን መታጠቢያ ሲጠግን የነበረ፣ አይቼው የማላውቅ የቧንቧ ሠራተኛ ተነሣና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ።

«ጋሼ፣ ቀዩ የርስዎ ጽሑፍ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሳያርሙት የቀረ ስህተት አለ?»

«እኔ ካረምኩት በኋላ? አንድም የለም» አሉ ኮራ ብለው።

ሰውዬው ወረቀቱን መለሰልኝና እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ስህተት ከሌለበትማ ምን ትገለብጣለህ፤ ይፈርሙልህ። ካልፈረሙ ግን የገዛ እንግሊዝኛቸውን አላመኑትም ማለት ነው።»