የምናሉ አንገት

አይ ፕሮፌሰር፣ ዕጣ ፍትሐዊ ነው የሚሉትን እኔ አልቀበልም። ስልኩን ስለዘጉብኝ ነው በድምፅ የምልከው። የታማሚው ወንድም ለማንም አያዳላም፣ እሱ ያውጣልን ብለው ሦስት የተጠቀለለ ወረቀት በሳህን አቀረቡልኝ። ጥዬ የወጣሁት ስለናቅኩዎት አይደለም። ውጭ አገር ሄዶ የላይኛውን አንገት ቀዶ ሕክምና የሚማረው አንድ ሰው ብቻ ነው ብለውኛል። ይሄ እኮ የኮንዶሚኒየም ዕጣ አይደለም። ሦስቱም ሬዚደንቶች፣ እርስዎ ሥር የሚሠለጥኑት ሐኪሞች፣ ሥራቸውን ነው የሠሩት፣ እኩል ናቸው አሉኝ። እሺ፣ እንደማያውቁት ሆነው ይስሙኝ፣ ተረት ያድርጉት።

በአንድ ወቅት ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ደግፎ የሚሄድ ሰው ነበር። ወንድሜ ምናሉ ነው፣ ግድግዳ ይለስናል። ከመወጣጫ ወድቆ በእግሩ ነው ሆስፒታል የገባው፣ ሊሰበር የደረሰ ዕቃ የያዘ ይመስል ራሱን በእጁ ይዞ። ከሦስቱ አንዷ፣ ዶክተር ሶስና፣ ራጁን አየችና አጥንት አልተነካም አለች። ማስታገሻ ተጽፎለት ወጣን። በሩ ጋ ሳንደርስ እየሮጠች መጣች። እጁን ከጭንቅላቱ ላይ አለማውረዱ አላስቀምጥ ብሏት ነው። እዚያው አስፋልቱ ላይ አስተኛችው፤ በሰው ሁሉ ፊት "እንዳትነኩት፣ ተሳስቻለሁ" አለች። አፉን አስከፍታ እንደገና ራጅ አስነሳችው። ሁለተኛው የአንገት አጥንት ላይ ጥርስ የሚመስል ነገር አለ፣ ጭንቅላት የሚዞርበት፤ እሱ ከሥሩ ተሰብሯል። ትንሽ ቢንሸራተት ትንፋሹ እዚያው ነው የሚቆመው። ያየችው እሷ ናት። መጀመሪያ ያላየችውም እሷ ናት።

እናታችን ቀዶ ሕክምና ሲባል ስትሰማ ወጌሻ አስጠራች። ጋሽ እንድሪስን፣ የሰፈሩን ክንድና ቁርጭምጭሚት ሁሉ የጠገነውን። ኮንትራት ታክሲ በር ላይ ቆሟል፣ አጎቶቼ የአልጋውን ፍሬን ፈትተዋል። ሁለተኛው፣ ዶክተር ገመቹ፣ አልተቆጣም፣ ጥበቃም አልጠራም። ወጥቶ ጋሽ እንድሪስን በክብር አስገባው፣ ራጁን በብርሃን አሳየውና ይሄን ያሹታል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጋሽ እንድሪስ እጁን ወደ ኋላው አደረገ። "እኔ ይሄን አልነካም፣ ለነሱ ተዉላቸው" አለ። አጎቶቼ ፍሬኑን መልሰው ረገጡ፤ እናቴ ግን አሁንም ልጄን አላሳርድም አለች። ያኔ ገመቹ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ "እማማ፣ በእግሩ አስረክብዎታለሁ" አላት። እሺ ያለችው በዚህች ቃል ነው። ሐኪም እንዲህ ብሎ ቃል አይገባም፣ ይሄን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ምናሉ ባይነሳ ኖሮ እናቴ ፊት በምን ዓይኑ ይቆም ነበር? ቃሉን ባይሰጣት ግን ምናሉ ዛሬ የለም።

የሦስተኛውን፣ የዶክተር ኃይለልዑልን ነገር የነገሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት። በማጅራቱ በኩል ገብታችሁ አንደኛውንና ሁለተኛውን የአንገት አጥንት በብሎን ስታያይዙ መሰርሰሪያው በእሱ እጅ ነበር፣ እርስዎ ከጎኑ። ግራው በሰላም ገባ። ቀኙን ሲበሳ ወደ አንጎል የሚወጣውን ደም ስር ነካው፣ ደም ሞላ። "ልቀቅ፣ እኔ ልያዘው" አሉት። አልለቀቀም። እጅ እስኪቀያየር ሰውዬው ያልቃል ብሎ ብሎኑን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ከተተና አጠበቀው። ብሎኑ ቀዳዳውን ደፈነውና ደሙ ቆመ። ለትእዛዝዎ እምቢ ያለ ተማሪ ነው፤ ቢታዘዘኝ ኖሮ ወንድምህ ከጠረጴዛው አይነሳም ነበር ያሉኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ይኸው ምናሉ ይሄዳል። አንገቱ እንደ ድሮው አይዞርም፣ ሲጠሩት መላ ሰውነቱን ነው የሚያዞረው። የሰፈር ልጆች ሰልፍ ላይ ነህ እንዴ እያሉ ይቀልዱበታል፣ እሱም ሰላምታ ይሰጣቸዋል። ማን ይሂድ ብዬ ጠየቅኩት። ስህተቷን አምና የሮጠችው ትሂድ፣ እንደሷ ያለ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም አለ። እናቴ ተቆጣች፣ ያለ ገመቹ ማን ያስነካቸው ነበር አለች። እኔ ደም ሲሞላ ያልደነገጠ እጅ ነው የሚሠለጥነው አልኩ። እራት ሳንበላ ተኮራርፈን ተኛን።

ነገ ሌላ ሰው ከመወጣጫ ይወድቃል፣ የሚያገኘው እርስዎ የላኩትን ነው። እኔ የአንዷን መሳሳት፣ የአንዱን ቃል፣ የአንዱን እምቢታ መመዘን አልችልም። እርስዎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስተምረዋቸዋል፣ ማን እንደሚበልጥ በልብዎ ያውቁታል፣ የሁለቱን ቅያሜ ፈርተው ነው እንጂ። ታዲያ ለየትኛው ነው የሚገባው ፕሮፌሰር? ዳኛው እርስዎ ሆነው፣ እኔን ምን ቤት ነው ብለው ነው የሚያስፈርዱኝ?