ድንጋይ ያናገረችው ጃርት

እስቲ አርፋችሁ ተቀመጡ! አንተ በሩን ዝጋው። ትርሲት፣ አንቺ እንደምነግርሽ ጻፊ፤ እንዳታሳምሪብኝ።

አንድ ጫካ ነበር፣ ሁሉ ነገር በወግ በወጉ የሆነበት። አንበሳው ትልቁ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ጅብ አዋጅ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ሰላም ነው። አልሰማም ያለው ሁሉ ስለተበላ ነው ሰላም የሆነው።

እዚያ ጫካ እትዬ ጃርት ነበረች፤ የሁሉንም ግልገል ሰብስባ ተረት የምታወራ። በእሷ ተረት ዛፍ ይስቃል፣ ወንዝ ያኮርፋል፣ ነፋስ ወሬ ያመላልሳል። አንድ ቀን ታዲያ ድንጋይ አናገረች። ጅብ ሰማ። በነጋታው አዋጅ ወጣ፦ «ትናንትም ዛሬም ድንጋይ ድንጋይ ነው! አፍ የሌለውን ያናገረ እሾሁ አንድ በአንድ ይነቀላል!»

«እሾህ ያለኝ እኮ እኔ ብቻ ነኝ» አለች ጃርት። እሾኋ ከተነቀለ ደግሞ የነብር ቁርስ መሆኗ ነው።

ጉባኤ ተጠራ። ሚዳቋ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ አላልኩም በይ በቃ! ማን ያውቅብሻል?» አለቻት።

«ግልገሎቹ ያውቃሉ። እነሱ ፊት ልዋሽ?»

ቀረበች። እሾኋ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ብለሻል አላልሽም?» አለ ጅብ።

«ብያለሁ። ነገም እላለሁ። ግን ወጋችን ይከበርልኝ፤ ከሳሽ የከሰሰበትን ቃል አንድም ሳያስቀር ለጉባኤው ያሰማ።»

ወጉ የጥንት ነው፤ አንበሳው እሺ አለ።

ጅብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቺ ወንጀለኛ… ድንጋዩ… ድንጋዩ እንዲህ አለ…»

«ጮክ በል፣ አይሰማም!» አለ ዝንጀሮ ከኋላ።

«ድንጋዩ ‹እኔ ከሁላችሁም በፊት እዚህ ነበርኩ› አለ። ‹ስንቱ ተቀምጦብኝ ስንቱ ተነሳ!›» እያለ ሲሄድ ሞቀው፤ ድምፁን እንደ ድንጋይ አወፈረው። ግልገሎቹ ከበቡት።

«ከዚያስ ጋሼ ጅብ?»

«‹ደክሞኝ አንዴ ዞር ያልኩ እንደሆነ…›» ብሎ ቀጥ አለ። ምን እንዳደረገ አሁን ገባው።

«አናገርከው!» አለች ጃርት። «ጃንሆይ፣ አዋጁ ለእሱም ይሠራል? እሾህ እንኳ የለውም፤ ፀጉሩን እንንቀልለት?»

ጫካው በሳቅ ፈረሰ። አንበሳው ግን አልሳቀም።

«ዞር ያለ እንደሆነስ… ምን?» አለ ቀስ ብሎ።

ጅብ በአፍንጫው ወደ ጃርት ጠቆመ።

«እኛን ምን ያደርጉናል ጃንሆይ» አለች ጃርት፤ «ከሥርዎ አይደል ያለው፤ ራሱን ይጠይቁት።»

አንበሳው ግራ ቀኙን አየ። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጠፈ። ይሄኔማ ምን ልበላችሁ፣ ድንጋዩ ከሥር — ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። አቤት! ማነው? መጣሁ፣ መጣሁ!