የገደሉ ዋስ

አንድ ጭነት አመላላሽ ሰው ነበረ፤ ያለችው አንዲት በቅሎ ብቻ ናት።

መሪጌታ ይኄይስ ምሳሌውን እንዲህ ብለው የጀመሩት ለባለ ሚኒባሱ ለጥጋቡ ነው። ጥጋቡ በልጅነቱ እሳቸው ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ የመኪናው ኢንሹራንስ ሊያበቃ ሳምንት ሲቀረው ጨንቆት መጣ። «የኔታ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ቀርቶ ዶሮ ገጭቼ አላውቅም፤ ዋጋውን ግን በየዓመቱ ይጨምሩብኛል። አንዱ ቢሮ የጠየቀኝን ሌላው በግማሽ እሰጥሃለሁ ይለኛል። ለምን ብል የሚያስረዳኝ የለም። ያቺ መኪና አንድ ነገር ብትሆን ልጆቼን የማበላበት ሌላ የለኝም። ትክክለኛውን በምን ልለየው?» አላቸው። መሪጌታም ጥያቄውን እስኪጨርስ ጠበቁትና ወደ ምሳሌያቸው ገቡ።

ያ ሰው ከደጋ ገብስ ጭኖ ገደሉን ይወርዳል፣ ከቆላ ጥጥ ጭኖ ይወጣል። መንገዱ ክፉ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጭነቱ ቋጥኙን እየታከከ ነው የሚታለፈው፤ በየዓመቱ በቅሎ ገደል የማይገባበት ጊዜ የለም። ስለዚህ በገደሉ አፋፍ ሁለት ባለጠጎች፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ዋስ ይሆኑ ነበር። ባለ በቅሎው በወረደ ቁጥር እህል ይሰጣቸዋል፤ በቅሎው ገደል ከገባች ሌላ በቅሎ ይተኩለታል።

የላይኛው ዋስ በአንድ ጉዞ ቁና ሙሉ ይቀበላል። ደግሞም ጨቅጫቃ ነው። ኮቴዋን ያነሳል፣ ጭነቱን አስፈትቶ እንደገና ያስጭናል፣ ትናንት ምን በላች ይላል። አሥር በቅሎ ላለው ይቀንስለታል፤ ለባለ አንዷ አይቀንስም። ሰውዬው አንድ ቀን አልቻለምና «የእኔ በቅሎ ተሰናክላ አታውቅም። ጠጥቶ ከሚነዳው ጋር እኩል የምከፍለው ስለምንድን ነው?» አለው። ዋሱም «ገደሉ አያውቃትም» ብሎ መለሰለት። ሰውዬው ተቀየመ። መቀየሙ እውነት አለው፤ እኔም ብሆን እቀየም ነበር።

የታችኛው ዋስ የሚቀበለው እፍኝ ነው። በቅሎዋን ዞር ብሎም አያያት። አፉ ቅቤ ነው፤ ታቦት ጠርቶ ይምላል። ሰውዬው ወደዚህኛው ሄደ፤ ሁለት ዓመት እፍኝ እየሰጠ፣ ቁና በሚሰጡት እየሳቀ ወረደ።

ከዕለታት አንድ ቀን የበልግ ዝናብ መንገዱን አጨቀየው። በቅሎዋ ተንሸራታ ከነጭነቷ ገደል ገባች። ሰውዬው ልጓሟን ብቻ ይዞ፣ እያለቀሰ አፋፉ ላይ ደረሰ። ዋሱ መጥቶ ቁልቁል ብዙ ጊዜ ተመለከተና «እኔ ብትወድቅ አልኩ እንጂ ብትንሸራተት አላልኩም። ጭቃው የእግዜር ነው» አለ።

በዚያ ዘመን የተበደለ ሰው የኩታውን ጫፍ ከባላጋራው ኩታ ጋር ይቋጥራል፤ ከዚያም በሕግ አምላክ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ያቆማል። የቆመውም ዳኛ ሆኖ ይሰማቸዋል። ሰውዬው እንዲሁ አደረገ። ወደ ገበያ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሁለቱንም ቃል ሰሙ። ከዚያ ዋሱን «በቅሎው ገደል ገብታበት አንተ የተካህለት አንድ ሰው ጥራ» አሉት።

ዋሱ የተቋጠረውን የኩታውን ጫፍ ሊፈታ ጎንበስ አለ።

ይህን ጊዜ ጥጥ በጀርባው ተሸክሞ ገደሉን የሚወጣ አንድ ሰው ሸክሙን አወረደ። «ያልተካልኝ እኔ አለሁ» አለ። «ዓምና የእኔ ስትገባ ጭነት በዝቶባት ነው ብሎ ሰደደኝ።»

ዳኛው ወደ ባለ በቅሎው ዞሩ። «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። ገበያ በዋለ ቁጥር መንገድ ላይ እንገናኛለን። እግዜር ያበርታህ እለዋለሁ።»

«በቅሎህ የት ደረሰች ብለህ ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

የመለሰው ባለ ሸክሙ ነው። «አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ የላይኛው ዘንድ ሂድ እለው ነበር። ያ ሰው ነገረኛ ነው፤ የአማቼ በቅሎ የገባች ጊዜ ግን በሳምንቱ ሌላ ነድቶ ደጁ ድረስ አመጣለት።»

ዳኛው የታችኛው ዋስ በቅሎ ይተካ ብለው ፈረዱ። ሄደው ጎተራውን ቢከፍቱት ወለሉ ተጠርጎ ነበር። እፍኙ ሲመጣ ሲበላ ኖሯል፤ ለበቅሎ የሚሆን አልተጠራቀመም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሰውዬው ሙግቱን ረታ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጥጡን የሚያወጣው በገዛ ጀርባው ሆነ።

መሪጌታ እዚህ ላይ አቆሙ። ጥጋቡም «እንግዲህ ውዱን ያዝ እያሉኝ ነው?» አላቸው።

«አላልኩህም» አሉ ቆጣ ብለው። «ቁና እየተቀበለም ጎተራው ባዶ የሆነ አይጠፋም። ስማኝ ልጄ፤ ያ ባለ በቅሎ አንተ ነህ። በየቢሮው እየዞርክ ስንት ነው ትላለህ፤ እነሱም ስንት እንደሆነ ይነግሩሃል። ሰው በወደቀ ዕለት የት እንደነበሩ ግን አይነግሩህም። እሱን የሚያውቀው የወደቀው ነው። ያ የተራህ ጓደኛ፣ ወንድይፍራው፣ መኪናው ተጨራምታ ጋራዥ ከገባች ዓመት አለፋት። እሱ ራሱ አሁን በሰው መኪና በር ይዞ ተሳፋሪ ይጣራል። አንተ በየጠዋቱ ሰላም ብለኸው ታልፋለህ። ሰላምታ ጥያቄ አይደለም። የትኛው ቢሮ ነበር፣ ምን ብለው መለሱህ፣ ስንት ቀን አመላለሱህ ብለህ አጠገቡ ቁጭ በል። ያልጠየቅኸው እንዳይከፋው ፈርተህ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ ግን የሚጠይቀው ሰው ካጣ ቆይቷል።»